«ኮምፓይለሩ እምቢ ስላለኝ ሙያዬን ልቀይር?» ለሚል ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ውድ ጠያቂዬ፣

እዚሁ ሐዋሳ የሶፍትዌር ምህንድስና የአራተኛ ዓመት ተማሪ መሆንሽን፣ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ ለሚገኘው የአጎትሽ የመለዋወጫ ሱቅ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የዕቃ መመዝገቢያ ፕሮግራም በሲ ፕላስ ፕላስ መጀመርሽን፣ ይሁን እንጂ አራት ቀን ከኮምፓይለር (የጻፍሽውን ኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም ከሚቀይረው መሣሪያ) ጋር ስትታገይ ከርመሽ በመጨረሻ ፕሮግራሙ በሱቁ ኮምፒውተር ላይ አልነሳ ማለቱን ጽፈሽልኛል። «ይህ ሙያ ለእኔ አልተፈጠረም ማለት ነው? ወደ ድረ ገጽ ሥራ ብቻ ልዙር?» ስትዪም ጠይቀሻል።

ወደ ድረ ገጽ ሥራ መዞር ምንም ነውር የለበትም፤ እንዲያውም እኔ የማያቸው የጀማሪ ሥራ ማስታወቂያዎች በብዛት የሚጠይቁት ድረ ገጽና የሞባይል መተግበሪያ ነው። የማልስማማው በምክንያትሽ ነው። የላክሽልኝን የስሕተት መልእክቶች ሳነብ ያገኘሁት የችሎታ ማነስን ሳይሆን፣ ሦስት የማይገናኙ ችግሮች እንደ አንድ ትልቅ ችግር መቆጠራቸውን ነው።

የመጀመሪያው መልእክት «ጂሲሲ» የሚለው ትእዛዝ፣ ማለትም ኮምፓይለርሽ፣ እንደማይታወቅ ይናገራል። ይህ ኮምፓይለሩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚመጣ ነው፤ ዊንዶውስ ፓዝ በሚባለው ዝርዝር ውስጥ የተጻፉትን ፎልደሮች ፈልጎ ፕሮግራሙን አጥቶታል። ቪኤስ ኮድ ኮድ የሚጻፍበት መሣሪያ እንጂ ኮምፓይለር ስላልሆነ እሱን መጫን ብቻውን አይበቃም። አንቺ ጂሲሲን ኤምሲስ 2 በተባለው የመሣሪያዎች ስብስብ በኩል ስለጫንሽ፣ በዚያ ውስጥ ዩሲአርቲ 64 በሚባለው ክፍል ያለውን፣ ጂሲሲ የሚገኝበትን «ቢን» ፎልደር ፓዝ ላይ ጨምሪ፤ ከዚያም ክፍት የነበሩትን የትእዛዝ መስኮቶችና ቪኤስ ኮድን ራሱን ዘግተሽ ክፈቺ፤ አስቀድሞ የተከፈተ መስኮት የሚያውቀው ሲከፈት የነበረውን ዝርዝር ብቻ ነውና። በአንደኛ ዓመት ኮድ ብሎክስ የተባለው የኮድ መጻፊያ ተጭኖልሽ እንደነበር ስለጠቀስሽ፣ ከእሱ ጋር የመጣ አሮጌ ጂሲሲም ፓዝ ላይ ካለ ከአዲሱ ቀድሞ ሊጠራ ይችላል። በኮማንድ ፕሮምፕት (በዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት) «ዌር ጂሲሲ» ብትዪ ያሉትን ሁሉ ይዘረዝርልሻል፤ የሚሠራውም ከላይ የተጻፈው ነው። በሌላው የትእዛዝ መስኮት በፓወርሼል ግን «ዌር» ሌላ ትርጉም ስላለው «ዌር ዶት ኢኤክስኢ» ማለት ያስፈልጋል። ኤምሲስ 2ን የጫንሽበት ፎልደር ስም ክፍት ቦታም ሆነ የአማርኛ ፊደል እንዳይኖረው አደራ።

ሁለተኛው «ዊንሜይን» የሚል ቃል ያለበትና ያስፈራሽ መልእክት ነው። በኮድሽ ውስጥ ያልጻፍሽው ስም ስለሆነ መደናገጥሽ አይገርምም። መልእክቱ የመጣው ከኮምፓይለሩ ሳይሆን ተከታዩን ደረጃ ከሚሠራው፣ ክፍሎቹን ወደ አንድ ፕሮግራም ከሚያገናኘው ሊንከር ነው፤ ፕሮግራሙ የሚጀምርበትን «ሜይን» አላገኘሁም ማለቱ ነው። ያያያዝሽው ኮድ ግን «ሜይን» በትክክል አለው። እንግዲያው የምጠረጥረው አንድ ነገር ነው፦ ፋይሉን ሳታስቀምጪ ኮምፓይል አድርገሻል። በቪኤስ ኮድ ከፋይሉ ስም አጠገብ ክብ ነጥብ ካለ አልተቀመጠም። እኔ ራሴ በወጣትነቴ በዚህች ነጥብ ምክንያት ግማሽ ቀን አጥቻለሁ፤ እስካሁን ለባልደረቦቼ አልተናገርኩም።

ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ ለሥራ ሕይወትሽ የሚጠቅምሽ ነው። ፕሮግራሙ በአንቺ ላፕቶፕ ሠርቶ በአጎትሽ ኮምፒውተር ላይ «ሊብኤስቲዲሲ ፕላስ ፕላስ 6» የተባለ ዲኤልኤል (ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚጠራው ረዳት ፋይል) የለም ያለው፣ ያ ፋይል አንቺ ዘንድ ከጂሲሲ ጋር ስለተጫነ፣ ሱቁ ውስጥ ግን ጂሲሲ ስለሌለ ነው። በኢንተርኔት ፍለጋ ያገኘሽውን ዲኤልኤል ከማይታወቅ ቦታ አውርደሽ አትጫኚ። ኮምፓይል ስታደርጊ «ስታቲክ» የሚለውን አማራጭ ብትጨምሪ ከጂሲሲ የሚያስፈልገው ሁሉ በፕሮግራሙ ውስጥ ይጠቃለላል፤ የፋይሉ መጠን ቢጨምርም ለሱቅ ሥራ ምንም አይደለም።

ወደ ሙያው ጉዳይ ልመለስ። አዲስ ሠራተኛ ከሚገጥሙት የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ የተሰጠውን ኮምፒውተር ማዘጋጀት ነው፤ የድረ ገጽ ሥራ ብትመርጪም ከፓዝና ከስሪት አለመጣጣም አታመልጪም። ስለዚህ እነዚህን ሦስት ችግሮች፣ መልእክቱ ምን እንደሚል፣ ከየትኛው ደረጃ እንደመጣና በምን እንደተፈታ፣ በአንድ ገጽ ጽፈሽ ከፕሮግራሙ ጋር ኮድ በሚቀመጥበት ድረ ገጽ በጊትሀብ ላይ አስቀምጪ። በሥራ ማመልከቻሽም «ሲ ፕላስ ፕላስ አውቃለሁ» ከማለት ይልቅ «በሱቅ ውስጥ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ፕሮግራም ሠርቼ ኮምፓይለር ባልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ አስነስቻለሁ» ብለሽ ጻፊ፤ ይህን ያነበበ ጠያቂ ቃለ መጠይቁን ከዚያ መጀመሩ አይቀርም፣ አንቺም ከጓደኞችሽ ይልቅ የምትናገሪው ይኖርሻል።

መጀመሪያ ግን ፕሮግራሙን በስታቲክ ሠርተሽ በፍላሽ ወደ ሱቁ ውሰጂው። አሁንም ካልተነሳ የሱቁ ዊንዶውስ ባለ 32 ቢት እንዳይሆን ተመልከቺ፤ ባለ 64 ቢት ፕሮግራም በዚያ ላይ አይሠራም። የሚታየውንም መልእክት ሳታሳጥሪ በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።