መልስ፦ ግራፉ ላይ ያለውን ቁጥር ሁሉ መጻፍ የለብህም

ወንድሜ፣ አይልትስ (የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና) ራይቲንግ ወይም የጽሑፍ ክፍል ላይ ግራፍ ስትገልጽ «ቁጥሩን ሁሉ መዘርዘርና ምክንያት መስጠት አለብኝ ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። ሁለቱም አያስፈልግም። ግራፍ የሚገለጽበት የአካዳሚክ ፈተናው የመጀመሪያ ጥያቄ፣ ታስክ 1፣ ቢያንስ 150 ቃል ነው፤ የሚመከረው ጊዜ 20 ደቂቃ። ሁሉንም ልዘርዝር ካልክ ለድርሰቱ፣ ለታስክ 2፣ ጊዜ ያጥርሃል፤ እጥፍ ነጥብ ያለው ደግሞ እዚያ ነው።

መጀመሪያ እስክሪብቶህን አስቀምጥና ግራፉን ዝም ብለህ እየው። በጥቅሉ ምን ሆነ? ቁጥሩን ከራሴ ላምጣና፣ ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ የሚሄደው ሰው በቀን በጥር 400፣ በመጋቢት 420፣ በሰኔ 900 ነበር እንበል። ወር በወር አትቁጠር። «እስከ መጋቢት እምብዛም አልተለወጠም፤ ከዚያ እስከ ሰኔ ከእጥፍ በላይ አደገ» የሚለውን በእንግሊዝኛ አስፍር። ይህ ጥቅል ሐሳብ ከመግቢያው ቀጥሎ ለብቻው አንቀጽ ይሁን። እሱ ከሌለ ጥሩ ነጥብ አትጠብቅ። 420 እና 900 ታች፣ በዝርዝሩ አንቀጽ ይመጣሉ፤ 400ን ብትተወው ማንም አይቀየምህም።

ሰኔ ላይ ለምን ጨመረ ብለህ ግን ምክንያት ፍለጋ በመንገዱ ላይ ያለው ሐረጎ ዳገት ላይ እንዳትወጣ! የነዳጅ ዋጋም አታንሳ። ግራፉ ላይ የሌለ ነገር አይጻፍም። ዓመቱ ያለፈ ከሆነ ደግሞ ግሡን በኃላፊ ጊዜ አድርገው፤ ብዙ ሰው ነጥብ የሚጥለው እዚህች ጋ ነው።