ቆጣሪውን ሳትከሺ ቀይዋን መብራት ቁጠሪ

እህቴ፣ «ኮምቦልቻ ነው ያለሁት። ማታ ሁሉንም አጥፍተን እንተኛለን፤ ጠዋት ግን ካርድ ቆጣሪው ቀንሶ እናገኘዋለን። ተበላሽቶ ይሆን?» ብለሻል። አብሽሪ። እኔም እዚህ ደሴ ይሄው ገጥሞኝ ቆጣሪዬን ስረግም ከርሜያለሁ። ቆጣሪው ምንም አልነበረበትም።

በሪሞት የጠፋ ዕቃ አልጠፋም። ሪሞቱን ለመስማት ነቅቶ ይጠብቃል። አዳዲስ ቲቪዎች በዚህ ጊዜ የሚወስዱት ጥቂት ነው። የድሮ ሪሲቨር ግን አጠፋሁት ብትይም ከበራበት ብዙም አይለይም።

ለማጣራት ምንም መግዛት የለብሽም። ቆጣሪው ላይ ብልጭ የምትል ቀይ መብራት አለች። አጠገቧ ቁጥር ተጽፏል፤ የእኔው ላይ 1600 ይላል። አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሲፈጅ 1600 ጊዜ ብልጭ ትላለች ማለት ነው። ከአንዱ ብልጭታ እስከ ቀጣዩ ያለውን ሰከንድ በስልክሽ ለኪ። 2250ን በሰከንዱ ስታካፍይ ቤቱ የሚወስደው ዋት ይወጣል። የአንቺ ላይ 1000 ካለ 3600ን፣ 3200 ካለ 1125ን አካፍይ። ፍሪጁን አስቀድመሽ ንቀይ። ሞተሩ በራሱ ጊዜ ስለሚነሳና ስለሚያርፍ ሂሳቡን ያበላሽብሻል። በሩን ካልከፈትሽው ለግማሽ ሰዓት ምንም አይሆንም።

እኔ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ጋቢ ደርቤ ወጣሁ (የደሴን ብርድ ታውቂዋለሽ)። ቤቱ ጨለማ ነው፣ ብልጭታዋ ግን በየ25 ሰከንዱ። 90 ዋት! ባለቤቴ ውስጥ ሆና ትነቅላለች፣ እኔ እቆጥራለሁ። የፍሪጁ ስታቢላይዘር ሲነቀል 32 ሰከንድ ሆነ። 20 ዋት ገደማ የእሱ ነበር። ፍሪጁ እኮ ቀድሞ ተነቅሏል! ስታቢላይዘሩ ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር ግን ሥራ ባይኖረውም ይበላል። እጅሽን አስቀምጪበት፤ ለብ ካለ ያ ሙቀት እየተከፈለበት ነው። ሪሲቨሩ ሲነቀል 40 ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ብንነቅል ብንነቅል ፈቀቅ አልል አለ። በመጨረሻ የጓሮውን ብሬከር ስናወርድ 140 ገባ። ለካስ ከሰል የምናስቀምጥባት ክፍል ውስጥ ባለ 40 ዋት የድሮ አምፖል በርቶ ኖሯል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላህ ይወቀው። የቀረው ዋይፋይና ኮተት ነው።

90 ዋት ቀንና ሌሊት ሲሄድ በወር 65 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ምጣዳችን 3500 ዋት ነው፤ በሳምንት ሁለቴ፣ አንድ ሰዓት ተኩል እየጋገርን በወር 42 ገደማ ይወስዳል። እኔ ደግሞ እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ስነጫነጭ ነው የኖርኩት። ባለቤቴ እስካሁን አልረሳችልኝም። ፍጆታ ሲጨምር የኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋም አብሮ ስለሚወጣ ነገሩ ቀላል አይደለም።

አሁን ቲቪውና ሪሲቨሩ ማብሪያ ባለው ዲቫይደር ላይ ናቸው፤ ስንተኛ ቀጭ። እንደጠፉ ሌሊት መብራት ሄዶ ቢመጣ ከመቃጠልም ይተርፋሉ። ስታቢላይዘሩን ግን አልነካሁትም። በእኛ ሰፈር ኃይሉ ይዋዥቃል፤ ፍሪጅ ከማቃጠል 20 ዋት መክፈል ይሻለኛል። ስለ ስልክ ቻርጀር አትጨነቂ፤ ስልክ ካልተሰካበት የሚወስደው ከቁጥር አይገባም።

ኮምቦልቻ ከእኛ ይልቅ ስለሚሞቅ ፍሪጅሽ የበለጠ ይለፋል። አንድ ሌሊት እሱን ብቻ ሰክተሽ ተኚና የማታውንና የጠዋቱን ንባብ አቀናንሺ። ከግድግዳውም ራቅ አድርጊው፤ ጀርባው አየር ይፈልጋል።

ዋናውን ብሬከር አውርደሽም ብልጭታዋ ካላቆመች ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ከብሬከሩ በፊት የተቀጠለ መስመር ሊኖር ይችላል፣ በተለይ ድሮ ከሰርቪስ ቤቱ ጋር በአንድ ቆጣሪ ከነበራችሁ። ያኔ ማኅተሙን እንዳትነኪ፤ ለመብራት ኃይል አመልክቺ። ጎረቤት ላይም ቶሎ አትጩሂ።

ዛሬ ማታ ቆጥረሽ ሰከንዱንና ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር እዚሁ ጻፊልኝ፣ አብረን እናሰላዋለን።