ለወጣት ወገኖቼ፦ የሩቅ አገር ወረራ ከእኛ ጓዳ ሲደርስ

በሚያዝያ ወር 2014 ዓ.ም. አንድ ማለዳ አዲስ አበባ በሚገኘው የሩሲያ ኤምባሲ በኩል ሳልፍ፣ የትምህርትና የውትድርና ማስረጃቸውን በላስቲክ ጠቅልለው የያዙ ወጣቶች ተሰልፈው አየሁ። ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረች ሁለት ወር ገደማ ሆኖ ነበር፤ ለሩሲያ የሚዘምት ሰው ጥሩ ገንዘብ ያገኛል የሚል ወሬ በከተማው ተናፍሶ ስለነበር ያንን ሰምተው የመጡ ናቸው። ኤምባሲው ተዋጊ እንደማይመለምል በወቅቱ አስታውቋል። ከዓይኔ ያልጠፋው ግን የልጆቹ ሁኔታ ነው፤ ጫማቸውን አስጠርገው፣ ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ ለቅጥር ፈተና እንደሚቀርብ ሰው ሆነው ነው የመጡት። ሥራ ያጣ ወጣት ምን እንደሚያልፍበት ስለማውቅ ልፈርድባቸው አልቻልኩም። ሆኖም ደመወዝ ሊያገኙበት የተሰለፉለት ጦርነት በዚያው ሰሞን ከእናታቸው ጓዳ ዘይቱን፣ ከአጎታቸው ማሳ ማዳበሪያውን እየወሰደ መሆኑን ወርጄ ሳልነግራቸው በመቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ያን ቀን ያልተናገርኩትን ለመናገር ነው።

የምናገረው ከሥራዬ ተነስቼ ነው። በ1981 ዓ.ም. በአሰብ ወደብ ከመርከብ የሚወርደውን ከረጢት በመቁጠር ጀምሬ፣ ከ1990 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ በጂቡቲ መስመር የእርዳታና የንግድ እህል በማጓጓዝ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሬአለሁ። በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ጦርነትን የሚያውቀው በሬዲዮ ከሚሰማው ይልቅ በወረቀቱ ላይ በሚያየው ነው፤ የመርከቡ መድረሻ ቀን ይገፋል፣ የመድን አረቦኑ ይጨምራል፣ ሻጩ ትናንት የሰጠውን ዋጋ ዛሬ ይለውጣል። ስለዚህ ከመካከላችሁ ምጣኔ ሀብት የምትማሩ፣ በእርዳታ ሥራ የተሰማራችሁ፣ ጋዜጠኛ ለመሆን የምታስቡ፣ ንግድ የጀመራችሁም ብትሆኑ፣ ስለ አንድ ወረራ ስትሰሙ የእህሉን ጉዞ ከማሳው እስከ ማዕዱ ድረስ የመከተል ልማድ እንድታወጡ እለምናችኋለሁ።

ቀዳሚው ተጎጂ የተወረረው ሕዝብ ነውና ከእርሱ ልጀምር። የሩሲያ ጦር የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም. በሰሜን፣ በምሥራቅና በደቡብ ወደ ዩክሬን ሲገባ፣ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ከነበራት ከዚያች አገር ሩብ የሚሆነው በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ከቤቱ ተፈናቀለ። ማሪዩፖል የምትባለው የወደብ ከተማ ተከብባ ውኃና መብራት ሲቋረጥባት ነዋሪዎቿ በረዶ አቅልጠው ጠጡ። ከመስከረም 30 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የኃይል ማመንጫዎችና ማከፋፈያዎች በተከታታይ ተደበደቡ፤ ያ ወቅት በዚያ አገር ከባዱ ብርድ የሚገባበት መሆኑን አስቡ። የአገሪቱ ዓመታዊ ምርት በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 30 ከመቶ ገደማ ወደቀ። እስከ እ.ኤ.አ. 2024 መጨረሻ ለደረሰው ጥፋት መልሶ ግንባታው በአሥር ዓመት ውስጥ 524 ቢሊዮን ዶላር እንደሚጠይቅ የዓለም ባንክ፣ የዩክሬን መንግሥት፣ የአውሮፓ ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት በጋራ ገምተዋል። እንዲህ ያለውን ቁጥር ስታነቡ፣ ይመለሳል የተባለው ቤቱ፣ ድልድዩና ማመንጫው ብቻ መሆኑን፣ የሞተው ሰው በሒሳቡ ውስጥ እንደሌለበት አትርሱ።

አሁን ወደ እህሉ ልምጣ። ከወረራው በፊት በዓለም ገበያ ከሚሸጠው ስንዴ ከሩብ በላይ የሚሆነውን ሩሲያና ዩክሬን ያቀርቡ ነበር፤ የዓለም ምግብ ፕሮግራምም ለእርዳታ ከሚያውለው እህል ግማሽ ያህሉን የሚያገኘው ከዩክሬን ነበር። የጥቁር ባሕር ወደቦች ሲዘጉ ወደ 20 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ እህል በየጎተራው ታግዶ ቀረ። ልብ በሉ፤ ይህ እህል መውጫ አጣ እንጂ አልጠፋም ነበር። በሥራ ዘመኔ ደጋግሜ ያየሁት ይህንኑ ነው፤ ሰው የሚራበው እህሉ ከምድር ጠፍቶ ሳይሆን መንገዱ ተዘግቶበት ወይም የሚገዛበት ገንዘብ አጥሮት የሆነበት ጊዜ እጅግ ብዙ ነው።

መንገድ የሚዘጋው በመድፍ ብቻ አይደለም። ቀጠናው የጦርነት አደጋ ያለበት ተብሎ ሲመዘገብ የመርከቡ ባለቤት ተጨማሪ አረቦን ይጠየቃል። ለምሳሌ ያህል 40 ሚሊዮን ዶላር በሚገመት መርከብ ላይ አንድ ከመቶ ቢጨመር 400,000 ዶላር ነው፤ መርከቡ 23,000 ቶን ቢጭን በእያንዳንዱ ቶን ላይ 17 ዶላር ያህል ያርፋል ማለት ነው። ይህን ገንዘብ የመርከቡ ባለቤት ከኪሱ አይከፍለውም፤ ወደ ዱቄት ፋብሪካው፣ ከዚያም ወደ ዳቦ ቤቱ ያስተላልፈዋል፤ ዳቦ ቤቱም ወይ ዋጋ ይጨምራል ወይ ዳቦውን ያሳንሳል።

23,000 ቶን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በተባበሩት መንግሥታትና በቱርክ አማካይነት ሐምሌ 15 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢስታንቡል ላይ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ፣ ብሬቭ ኮማንደር የተባለች መርከብ ይህንኑ ያህል ስንዴ ጭና ነሐሴ 10 ቀን ከዩክሬኑ ፒቭደኒ ወደብ ተነሣች፤ የእርዳታ ስንዴው ለኢትዮጵያ ነበር። እንዲህ ያለች መርከብ ስትራገፍ ጂቡቲ ላይ ብዙ ጊዜ ቆሜ አይቻለሁ። የነሐሴ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ከበረሃው የሚመጣው ነፋስ ብናኙን ዓይን ውስጥ ይሞጅራል፣ የክሬኑ መንጋጋ ከመርከቡ ሆድ ስንዴውን እየዘገነ ወደ ማሸጊያው ያፈስሰዋል፤ ከሥሩ የቆሙት ሠራተኞች አፍና አፍንጫቸውን በሻሽ ጠቅልለው 50 ኪሎ በሞላ ቁጥር ከረጢቱን ነጥቀው ወደ መስፊያው ይገፉታል። 23,000 ቶን ማለት 460,000 ከረጢት ነው። አንዱ ተሳቢ 400 ኩንታል ቢጭን 575 ተሳቢ ያስፈልጋል፤ ያ ሁሉ ተሳቢ በጋላፊ አልፎ በሚሌ መንገድ ሽቅብ ይጓዛል። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ቢሰፈር፣ ይህ ሁሉ ጭነት አንድ ሚሊዮን ተኩል ሰው የሚያበላው ለአንድ ወር ነው። በዚያ ዓመት በአገራችን እርዳታ የሚፈልገው ሰው ከ20 ሚሊዮን በላይ ነበር።

ደግሞ ሌላም አለ፤ ስጽፈው ያመኛል። መርከቧ ጂቡቲ የደረሰችው ነሐሴ 24 ቀን ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ለወራት ጸንቶ የነበረው የተኩስ ማቆም የፈረሰው ነሐሴ 18 ቀን ነው። ከአንድ ጦርነት ቀጠና በስንት ድርድር የወጣው ስንዴ ስድስት ቀን ዘግይቶ ሌላ ጦርነት ደጃፍ ላይ ደረሰ።

ስለ ዘይቱ የምነግራችሁ ለጥንቃቄ ያህል ነው። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. አምስት ሊትር ዘይት 1,000 ብር አካባቢ ሲገባ፣ ነጋዴውም ገዢውም «ዩክሬን ነው» ይሉ ነበር። እውነትነት አለው። ዩክሬን ለዓለም ገበያ ከሚቀርበው የሱፍ አበባ ዘይት ግማሽ ያህሉን ትሸጥ ነበር፤ እርሷ ስትዘጋ ገዢው ሁሉ ወደ ፓልም ዘይት ዞረ፤ እኛ በብዛት የምንጠቀመው ደግሞ ያንኑ የሚረጋውን የፓልም ዘይት ነው። ዋጋው ሲንር ዋናዋ አምራች ኢንዶኔዥያ የራሷ ሕዝብ እንዳይቸገር ብላ ከሚያዝያ 20 ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል ወደ ውጭ መላኩን ከለከለች። ነገር ግን ዘይት በእኛ ሱቆች ከወረራው በፊትም ተወድዶ፣ ሰልፉም ተጀምሮ ነበር፤ ኤልሲ (ባንክ ለውጭ ሻጭ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) የሚከፈትበት ዶላር ጠፍቶ ነበር፣ የራሳችን ጦርነት ነበር፣ ደብቆ የሚያቆይም ነበር። ስለዚህ «በጦርነቱ ምክንያት» የሚለውን መልስ እንዳለ አትቀበሉት። የትኛው ክፍል የሩቁ ወረራ ነው፣ የትኛው የራሳችን ጥፋት ነው፣ የትኛውስ የስግብግብነት ነው ብላችሁ ለዩ። ይህን መለየት የማይችል ባለሙያ፣ መንግሥትም ነጋዴም የፈለገውን ሰበብ ሲሰጠው ይዞ ይሄዳል።

ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ማዳበሪያው ነው፤ ስለ እርሱ በዝግታ እንድታነቡኝ እፈልጋለሁ። ዩሪያ በአብዛኛው የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ወረራው የጋዝ ዋጋን ሲያንረው ብዙ የአውሮፓ ፋብሪካዎች ማምረት አቆሙ ወይም ቀነሱ፤ በዓለም ዋናዋ ማዳበሪያ ላኪ የነበረችው ደግሞ ሩሲያ ራሷ ናት፤ ፖታሽ የተባለውን ሌላ የማዳበሪያ ዓይነት በብዛት የምትሸጠው ቤላሩስም በማዕቀብ ሥር ነበረች። ኢትዮጵያ የምትጠቀመውን ማዳበሪያ ሙሉ በሙሉ የምታስገባው ከውጭ ነው። ገበሬው ዘንድ ሲደርስ የኩንታሉ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆነ።

በዚያ ክረምት ጎጃም ውስጥ ዘመድ ጥየቃ ሄጄ አንድ አርሶ አደር ማሳው ላይ ዩሪያ ሲበትን አየሁት። አራት ጥማድ ጤፍ አለው፤ በሌላው ዓመት አንድ ኩንታል የሚያደርግበትን መሬት ዘንድሮ የገዛለት ግማሽ ኩንታል ነው። በቆርቆሮ ጣሳ እየሰፈረ በእፍኙ ይይዝና፣ እጁን ዘርግቶ ከመበተን ይልቅ ጣቶቹን ጠበብ አድርጎ በቁንጥር ያንጠባጥባል። ከማሳው ጥግ ሲደርስ ጣሳው ባዶ ሆነና ያልደረሰበትን ወገን ቆሞ አየው። ምንም አላለኝም። በመስከረም ስመለስ ያ ጥግ ከሌላው ተለይቶ ቢጫ ሆኖ ነበር። የስንዴ ዋጋ ሲወደድ ከተሜው በሳምንቱ ይጮኻል፤ የማዳበሪያ መወደድ ግን ጉዳቱ የሚታየው ከወራት በኋላ፣ የዓለም ዜና ወደ ሌላ ጉዳይ ከዞረ በኋላ፣ በጎተራ ውስጥ ነው። ስለዚህ የወረራን ጉዳት ስትመዝኑ የዘንድሮውን ገበያ ብቻ አይታችሁ አትዝጉት፤ የሚቀጥለውን መኸር ጠብቁ።

ስለ ማዕቀብ ጥቂት ልበል። እኛ የተወረረ ሕዝብ ልጆች ነን። ኢጣሊያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በወረረችን ጊዜ የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ቢጥልባትም ነዳጅን ከዝርዝሩ አስቀረ፤ ታንኩና አውሮፕላኑም ያለ ችግር መንቀሳቀሱን ቀጠለ። ስለዚህ ወራሪ ይቀጣ መባሉን ከማንም በላይ የምንደግፍ እኛ ልንሆን ይገባል። በሩሲያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ እህልንና ማዳበሪያን በስም ነጻ አድርጎ ነበር፤ ይሁን እንጂ ባንኩ ክፍያ ማስተላለፍን፣ መድን ሰጪው መርከብ መሸፈንን ሲፈራ፣ ነጻ የተባለው ዕቃም ተጓተተ። ማዕቀብ ሲረቀቅ ይህን ቀድሞ የሚያይ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ከመካከላችሁ አንዳችሁ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ብትቀመጡ ደስ ይለኛል። የእህሉ ስምምነትም ቢሆን የቆየው ዓመት አልሞላውም፤ ወደ 33 ሚሊዮን ቶን ካወጣ በኋላ ሩሲያ ስለወጣችበት ሐምሌ 10 ቀን 2015 ዓ.ም. አበቃ።

በእርዳታ ሥራ ላይ ላላችሁት ደግሞ አንድ የማልረሳውን ልንገራችሁ። ዋጋው ሲንር የዓለም ምግብ ፕሮግራም ያንኑ ሥራ ለመሥራት በወር ከ70 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተጨማሪ ወጪ ወጣበት፤ ለጋሾች ግን ያን ያህል አልጨመሩም። ስለዚህ ስፍሩ ተቀነሰ። በአንድ የእርዳታ እህል ማደያ ጣቢያ ቆሜ ሳለሁ አምስት ልጆች ያሏት እናት ካርዷን አቀረበች፤ የስድስት ሰው 90 ኪሎ ስትጠብቅ 45 ኪሎ ተመዘነላት። ከረጢቷን አንሥታ ክብደቱ ስላልተስማማት መልሳ አስቀመጠችውና፣ እህሉን የሚመዝነውን ልጅ «የቀረው ነገ ነው የሚመጣው?» አለችው። ልጁ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ስለ ጥቁር ባሕር፣ ስለ አረቦን፣ ስለ ጋዝ ሁሉንም አውቅ ነበር፤ ለእርሷ የሚሆን መልስ ግን አልነበረኝም። «አይመጣም እናቴ፣ ከዚህ ወር ጀምሮ እንዲህ ነው» አልኳት። በሪፖርታችሁ ላይ «50 ከመቶ ቅናሽ» ብላችሁ ስትጽፉ፣ ከአጠገቡ አንድ ቤተሰብ ስንት ቀን እንደሚያበላ ጻፉበት፤ የሚያነበው ሰው ከመቶኛ ይልቅ ቀን ይገባዋል።

እነዚያን የተሰለፉትን ልጆች ደግሜ አስባለሁ። ከዚያ ወዲህ ከተለያዩ የአፍሪካ አገሮች ለሥራ ወይም ለትምህርት ተብለው ሄደው ግንባር ላይ የተገኙ ወጣቶች ታሪክ ተሰምቷል። እንዲህ ያለ ጥሪ ቢመጣላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ውሉን በምታውቁት ቋንቋ አስጽፉት፤ ብትቆስሉ የሚያሳክማችሁ፣ ብትሞቱ አስከሬናችሁን የሚያመጣው፣ ለእናታችሁ የሚከፍለው ማን እንደሆነ በስምና በአድራሻ ጠይቁ። ወደ ዩክሬን የገባችው መርከብ እንኳ አረቦኗ ሳይከፈል ከወደብ አልተነሣችም።