የመጨረሻውን ዓምድ አላነበብኩትም

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት በስልኬ ጥያቄ ላከችልኝ። ለተማሪዎችና ለመምህራን የሚሆን የሥነ ፈለክ ፕሮግራም ልትጀምር ፕሮፖዛል እየጻፈች ነው። «ስንት ሳንቲሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የተገጠመለት ቴሌስኮፕ ብጠይቅ ይሻላል?» ትላለች። በሁለት መስመር መልሼ መገላገል እችል ነበር። ግን ጥያቄዋ የቆየ ቁስል ነካካብኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ስለዚህ መልሱን ለእሷም ለእናንተም እዚሁ ልጻፈው።

በእሷ ዕድሜ እኔንም ያስጨነቀኝ መስተዋቱ ነበር። ለስድስት ትምህርት ቤቶች ስድስት ቴሌስኮፕ የሚገዛ ድጋፍ አገኘን። በጀቱ ላይ አንዲት መስመር ነበረች፦ «ከሦስት ወር በኋላ የክትትል ጉብኝት፣ ትራንስፖርትና አበል።» ሰረዝኳት። በተረፈው ገንዘብ የ15 ሳንቲሜትሩን ቴሌስኮፕ በ20 ቀየርኩት። ባለ 20ው ከባለ 15ቱ እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ብርሃን ይሰበስባል። ሒሳቡ ልክ ነበር። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ።

ስልጠናው የአንድ ቀን ነበር፣ አዳራሽ ውስጥ። ስለ ጥቁር ቀዳዳ አወራሁ። ስላይዶቼ ያምሩ ነበር፣ መምህራኑም አጨበጨቡልኝ። ከዚያ ቴሌስኮፖቹ በካርቶናቸው እንደታሸጉ ታደሉ። ፎቶ ተነሣን፣ ተለያየን። አንድ ብሎን እንኳ ሳንነካ ማለት ነው። ቀን ስለነበር ነው ብዬ እንዳላመካኝ፣ መፈለጊያው የሚስተካከለው ቀን ላይ ነው።

መፈለጊያ የምለው ዋናው ቱቦ ላይ የምትታሰረውን ትንሿን ቴሌስኮፕ ነው። ዋናው ቱቦ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው የሰማይ ቁራጭ ጠባብ ነው፤ ብዙ ጊዜ አንድ ዲግሪ አይሞላም። ስለዚህ መጀመሪያ በትንሿ ትፈልጋላችሁ፣ ከዚያ በትልቁ ታያላችሁ። ሁለቱ ወደ አንድ ቦታ ካልተመለከቱ ግን ጁፒተር በትንሿ ውስጥ በሚታዩት የመስቀል መስመሮች መሐል ቁጭ ብሎ ትልቁ ውስጥ ጨለማ ብቻ ይሆናል። ማስተካከሉ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ቀን ላይ፣ ከፀሐይ በተቃራኒ በኩል፣ ዋናውን ቱቦ ሩቅ ባለ ምሰሶ ጫፍ ላይ ታነጣጥራላችሁ። የመፈለጊያዋን ብሎኖች እያላላችሁ እያጠበቃችሁ መስቀሉን እዚያው ጫፍ ላይ ታሳርፋላችሁ። አለቀ።

ለየትምህርት ቤቱ ቅጽ ሰጥቼ ነበር። አራት ዓምድ አለው፦ ቀን፣ የተማሪ ብዛት፣ የተፈለገው አካል፣ ምን ታየ። ቅጾቹ በጊዜያቸው ተሞልተው መጡ። ሪፖርት ጻፍኩ። ሪፖርቱ ተመሰገነ። ፋይሉም ተዘጋ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ቢሮ ስቀይር ያ ፋይል እጄ ገባ። ልጥለው ነበር። እንዲያው ገለጥ ሳደርገው የአንድ ትምህርት ቤት ቅጽ ወጣ። መምህሩ በክብ በክብ ፊደል፣ አንድም ስርዝ ድልዝ ሳይኖርበት ሞልተውታል። አሥራ አንድ ምሽት። «34 ተማሪ፣ ጁፒተር፣ ምንም አልታየም።» «33 ተማሪ፣ ሳተርን፣ ምንም አልታየም።» «34 ተማሪ፣ ጨረቃ፣ ጥቂት ታየች፣ ጠፋች።» ጨረቃ የጠፋችባቸው መሬት በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር ነው። ሞተር የሌለው ቴሌስኮፕ በየደቂቃው ካልተገፋ ያየው ነገር ያመልጠዋል። ይህንንም አልነገርኳቸውም። የተማሪው ቁጥር እንኳ እምብዛም አልቀነሰም። ልጆቹ አሥራ አንድ ምሽት ሙሉ፣ ይህ ነው የሚባል ነገር ሳያዩ ተመልሰው መጥተዋል።

ግርጌው ህዳግ ላይ መምህሩ አነስ ባለ ጽሑፍ ጠይቀዋል፦ «መፈለጊያው ላይ ያሉት ሦስት ብሎኖች አገልግሎታቸው ምን እንደሆነ ብትነግሩን?»

ከጥያቄው በላይ፣ በሁለተኛው ዓምድ ሥር፣ የራሴ የእጅ ጽሑፍ በቀይ እስክሪብቶ አለ። 362። የተማሪውን ቁጥር ደምሬ «ተጠቃሚ» ብዬ ሪፖርቱ ውስጥ ያስገባሁት ነው። እጄ እዚያው ገጽ ላይ፣ ከጥያቄው ሁለት ጣት ርቀት ላይ አርፎ ነበር። አላነበብኩትም።

ትምህርት ቤቱ ጋ ደወልኩ። ስልኩን ያነሣው ሰው መምህሩ ከሄዱ ቆይተዋል አለኝ። ቴሌስኮፑስ? «ስቶር ውስጥ መሰለኝ» አለ።

ነገሩን የሚያብስብኝ፣ እኔ ራሴ የቴሌስኮፕን ሰልፍ አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ አንድ እንግዳ ቴሌስኮፕ ይዞ መጥቶ አሰለፈን። ተራዬ ሲደርስ ዓይኔን ደቀንኩ። ከኋላዬ ይገፉኛል። «ሳተርንን አየኸው?» አለኝ። «አየሁ!» አልኩ። ያየሁት የራሴን ሽፋሽፍት ነበር። ሳተርንን በትክክል ያየሁት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። አሁንም ልጆች ሲያዩ «ምን ይመስላል? ሣለው» እላለሁ እንጂ «አየህ?» ብዬ አልጠይቅም።

ጋሊሊዮም ከዚህ አላመለጠም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1610 ቦሎኛ ከተማ ላይ የጁፒተርን ጨረቃዎች ለምሁራን ሊያሳይ ሞክሮ ነበር። ከተሰበሰቡት ብዙዎቹ በግልጽ ሳያዩ ተበተኑ። መሣሪያው ያው ነው፣ ሰማዩም ያው ነው። ማየት ግን ልምምድ ይጠይቃል። በነገራችን ላይ ሰውየው ድጋፍ በመጠየቅ በኩል ከሁላችንም ይበልጥ ነበር። አራቱን ጨረቃዎች «የሜዲቺ ከዋክብት» ብሎ ለፍሎረንሱ ገዥ ቤተሰብ ሰየመና በዚያው ዓመት የቤተ መንግሥቱ የሒሳብ ሊቅ ሆነ። እናንተ ወጣቶችም ገንዘብ ለመጠየቅ አታፍሩም፤ ይህን እወድላችኋለሁ። እኛ በእናንተ ዕድሜ የለጋሽ በር ስናንኳኳ እግራችን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ግን ፕሮፖዛሎቻችሁ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኑብኝ። ላያቸው ያምራል፣ ውስጣቸው ማሽን የጻፈው መሆኑ ያስታውቃል። «አቅም መገንባት» ይላሉ፣ የማንን አቅም፣ በየትኛው ማክሰኞ ከሰዓት እንደሆነ ግን አይነግሩኝም። ፎቶ ላይ ደግሞ ትቸኩላላችሁ። ይህን ስል ያ የካርቶን ፎቶ ትዝ አለኝና ምላሴን ልያዝ።

ድጋፍ የት ይገኛል ለምትሉ፣ ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 ኬፕታውን ላይ የሥነ ፈለክ ለልማት ቢሮ ከፍቷል። ቢሮው በየዓመቱ የፕሮጀክት ጥሪ ያወጣል። ከመጻፋችሁ በፊት ከዚህ ቀደም የተደገፉትን አንብቡ። ስልጠናውን ከዜሮ መፍጠርም አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. 2009 ዓለም አቀፍ የሥነ ፈለክ ዓመት ተብሎ ሲከበር የጋሊሊዮ የመምህራን ሥልጠና ፕሮግራም ተጀምሯል። በዚያው ዓመት ጋሊሊዮስኮፕ የሚባል፣ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ያለው፣ ተማሪው ራሱ የሚገጣጥመው ቴሌስኮፕም ወጥቷል። በእጁ የገጣጠመ ልጅ ብሎኑ ለምን እንደሆነ አይጠይቅም።

ገንዘቡ ይቀጥላል ብላችሁ ግን አትተማመኑ። ናሳ እንኳ ከሳይንስ ተልዕኮዎቹ በጀት 1 በመቶ ገደማ ለትምህርትና ለሕዝብ እንዲመደብ ያደርግ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 የአሜሪካ መንግሥት ወጪ በጅምላ ሲቀነስ እነዚህ ሥራዎች ታግደው ለግምገማ ተቀመጡ። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ የሚተርፈው መምህሩ ያወቀው ነገር ነው። የጨረቃን መጉደልና መሙላት በኳስና በአምፖል ማስተማር የሚችል መምህር የማንንም ፈንድ አይጠብቅም። ጨረቃ የምትጎድለው በመሬት ጥላ ነው ብለው በስህተት የሚያምኑ ስንት የተማሩ ሰዎች እንዳሉ ብታውቁ ትገረማላችሁ።

ቁጥር አትሰብስቡ እያልኩ አይደለም። ለጋሽ ቁጥር ይፈልጋል፣ መብቱም ነው። እኔም አሁን ገምጋሚ ሆኜ ስቀመጥ መጀመሪያ ዓይኔ የሚሮጠው ወደ ቁጥሩ ነው፤ አመል ሆነብኝ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ፣ ልጄ። 15 ሳንቲሜትር ይበቃሻል። የሳተርንን ቀለበት፣ የጁፒተርን የደመና ቀበቶዎች፣ የጨረቃን ጉድጓዶች ያሳይሻል። እውነቱን ልንገርሽ ካልሽ እኔ ዛሬም 20ውን እወዳለሁ። የኮከብ ክምችት በ20 ሲታይ ሌላ ነገር ነው። ግን አንቺ 15 ብለሽ ጻፊ። የተረፈውን ለሁለተኛው ጉብኝት አድርጊው፣ ከተቻለ ለሦስተኛውም። መምህራኑ ያን ቀን ክፍላቸውን የሚሸፍንላቸው ሰው እንዲኖርም ከበጀቱ ላይ ያዥለት።

ፕሮፖዛሉን ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ አነብልሻለሁ። ቅጹንም አብረሽ ላኪው። የመጨረሻው ዓምድ ሰፋ ብሎ ይሠመር፣ መምህሩ ጥያቄያቸውን ህዳግ ላይ እንዳይጽፉት።