ሰልፍ ላይ የሚደመጥ ፖድካስት

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? ከአያት ሜክሲኮ በየቀኑ እመላለሳለሁ፣ ከነሰልፉ ሁለት ሰዓት ይበላኛል፣ ቲክቶክ ማየት ደግሞ ሰለቸኝ። እንግሊዝኛ እሰማለሁ ግን ሲፈጥኑብኝ ያመልጠኛል። ቁም ነገር ያለው ፖድካስት ጠቁሙኝ እስቲ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለዜና የቢቢሲ ወርልድ ሰርቪስ “ግሎባል ኒውስ ፖድካስት” ይበቃሃል፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ዜና ብቻ መስማት ግን ያደክማል ባይ ነኝ፣ ስለዚህ የአውስትራሊያውን ኤቢሲ “ሪር ቪዥን” ሞክረው፣ ዛሬ ወሬ የሆነውን ነገር ይይዝና ወደኋላ ሄዶ ከየት እንደመጣ ያስረዳሃል (አክሰንታቸው መጀመሪያ ትንሽ ያስቸግራል፣ ትለምደዋለህ)።

የኔ ነገር ግን የቢቢሲ ሬዲዮ 4ቱ “ኢን አወር ታይም” ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረ ሲሆን ሜልቪን ብራግ እስከ 2025 መራው፣ ሶስት ምሁራን ያስቀምጥና ስለ አንድ ርዕስ ብቻ ያወራሉ፣ ሲያንዛዙበት ደግሞ ብራግ ምንም ሳያፍር ቆረጥ ያደርጋቸው ነበር ደስ ሲል! ስለ ጥቁር ሞት ወረርሽኝ ያወሩበትን ስሰማ መገናኛ መውረድ ሲገባኝ ሲኤምሲ ደርሼ ነው የነቃሁት።

የካናዳው ሲቢሲ “አይዲያስ”ም አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ያለ አንጋፋ ነው፣ ሰዓት ሊሞላ ምንም ስለማይቀረው ሄደህ ግማሹን ተመልሰህ ግማሹን ስማው።

ማታ ዋይፋይ ስታገኝ ዳውንሎድ አድርገህ እደር፣ ሲፈጥኑብህ ደግሞ አፑ ላይ ስፒዱን 0.8 አድርገው፣ ድምፃቸው ትንሽ የሰከረ ሰው ይመስላል እንጂ አንድም ቃል አያመልጥህም።