ካንዲዳም ቴሎሜሬዝ አላት?

ጥያቄ፦ ቴሎሜሬዝ የሚባለው ኢንዛይም ከሰው እርጅና ጋር ይያያዛል ሲባል እሰማለሁ። አፍና ብልት ላይ የምታስቸግረን ፈንገስ፣ ካንዲዳም አላት እንዴ? ካላት ለምን በመድኃኒት አያስቆሙትም?

መልስ፦ አላት፣ ያውም ሙሉውን። የካንዲዳ አልቢካንስ ሕዋስ በተከፈለ ቁጥር የክሮሞሶሞቿ ጫፍ ትንሽ ትንሽ ያጥራል፤ ያጠረውን የሚቀጥለው ቴሎሜሬዝ ነው። ዋናው ሠራተኛ ኢኤስቲ2 ከሚባለው ጂን የሚገኘው ፕሮቲን ሲሆን፣ አንድ አርኤንኤ ይዞ ከእሱ እየገለበጠ ዲኤንኤውን ያስረዝማል፤ ኢኤስቲ1 እና ኢኤስቲ3 አጋዦቹ ናቸው። የሚገርመው ግን ጫፉ ላይ የሚደጋገመው የዲኤንኤ ጽሑፍ ነው። የእኛ 6 ሆሄ ብቻ፣ የእሷ 23! ደግሞ እንደኛው ከእያንዳንዱ ጂን ሁለት ቅጂ ስላላት፣ ተመራማሪ አንዱን ቢያጠፋ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል፤ ሁለቱንም ማውጣት ግድ ነው፣ አድካሚ ነገር።

በመድኃኒቱ በኩል ብዙ ተስፋ የለኝም። ቴሎሜሬዝ ዛሬ ቢቆም እንኳ ጫፉ እስኪያልቅ ድረስ ሕዋሷ ደጋግማ ትከፈላለች፣ በሽተኛው ደግሞ ያን ያህል አይጠብቅም። ደም የሚሠሩልን ግንድ ሕዋሳትም ቴሎሜሬዝ ስለሚጠቀሙ የእሷን ብቻ ለይቶ መምታት ያስፈልጋል። የለመድነው የፈንገስ መድኃኒት ፍሉኮናዞል ወደዚያ አይሄድም፤ የሚያበላሸው የሕዋሷን ሽፋን አሠራር ነው።