መኪና ይዞ ድንበር መሻገር፦ ስለ ኢንሹራንስ ጠይቁኝ

ካሳ ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ጥያቄያችሁን ወርውሩ።

ጥያቄ፦ ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ። ጎረቤት አገር ብነዳ ይሸፍነኛል?

መልስ፦ «ሙሉ» የምትለዋ ቃል ስንቱን ጉድ ሠርታለች! ሙሉነቱ ለአደጋው ዓይነት እንጂ ለቦታው አይደለም። ውልህን አውጣና ሽፋኑ በየትኞቹ አገሮች እንደሚሠራ የሚለውን አንቀጽ ፈልግ። ያንተ አገር ብቻ ከተጻፈ፣ ከኬላው ወዲያ መኪናህ ያለ ሽፋን ነው። ማራዘሚያ ሳትወጣ ጠይቅ፤ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ።

ጥያቄ፦ የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ አውጥቻለሁ፤ አይበቃም?

መልስ፦ ኬላውን ለማለፍ ይበቃሻል፤ ለመኪናሽ ግን አይሆንም። ካርዱ የሚከፍለው አንቺ በሌላው ላይ ላደረስሽው ጉዳት ነው፣ ያውም በገባሽበት አገር ሕግ መሠረት። የሕክምና ወጪም አለበት። የቆመ ሚኒባስ ገጨሽ እንበል፤ የሚኒባሱ በር በካርዱ ይሠራል። ያንቺ ኮፈንና ፍሬቻ ግን ውልሽ ካልተራዘመ ከኪስሽ ነው።

ጥያቄ፦ አረንጓዴው የኢንሹራንስ ካርድስ?

መልስ፦ ሐሳቡ ያው ነው፤ እንዲያውም ቀዳሚው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ በአውሮፓና በአካባቢው ይሠራል። ምዕራብ አፍሪካ ደግሞ ቡናማ ካርድ አለው። ቀለሙን አትመኑት፤ አረንጓዴው ከ2020 ወዲህ በነጭ ወረቀትም ይታተማል። የአገሮቹን ምልክት ግን አንድ በአንድ እዩ፤ በተሰረዘው አገር ካርዱ አይሠራም።

ጥያቄ፦ መኪናው የወንድሜ ነው።

መልስ፦ ውክልና ያዝ። ሌላ ሰው እንዲነዳው ውሉ ይፈቅድ እንደሆነም ወንድምህ ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ እዚያ ብጋጭ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የፖሊስ ሪፖርት ሳይዙ እንዳይመለሱ። አንድ ደንበኛችን እዚያው ብር ከፍሎ፣ ታርቆ መጣ። ፋይሉን ብከፍተው የተጨማደደ መከላከያ ፎቶ ብቻ! ደረሰኝ የለ፣ ሪፖርት የለ። ሳይከፈለው ቀረ፤ እኔም አዘንኩለት፣ ግን በምን ልሟገትለት? በማያነቡት ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ላይም አይፈርሙ። ለኢንሹራንስዎ የዚያኑ ዕለት ይደውሉ።

ጥያቄ፦ እዚያው ብከራይስ?

መልስ፦ ያንተ ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ ከራስህ መኪና ጋር የታሰረ ነው። የኪራዩን ውል አንብብ፤ ጎማ፣ መስታወትና የመኪናው ሆድ ብዙ ጊዜ ከሽፋኑ ውጭ ናቸው።

ጥያቄ፦ ካርዱ መንገድ ላይ ቢያልቅብኝስ?

መልስ፦ ያለቀ ለታ እንደሌለ ቁጠረው። ሁለት ሳምንት ካሰብክ ለወር አውጣ፤ መኪና መንገድ ላይ ሊበላሽ ይችላል።